ከ43 ዋንጫ በኋላ የመጣች አሰልጣኝ

አራተኛው ዙር ላይ የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ መረብ ኳስ ቡድን 22 ለ 16 እየመራ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ወስዷል። ሦስት ነጥብ ቢጨምር ፍጻሜ ይገባል። ከመረቡ ማዶ ያለው ፔን ስቴት ደግሞ ሻንጣውን ይሸክፋል።

ከፔን ስቴት ተጠባባቂዎች ፊት አንዲት ሴት ቆማለች። ፀጉሯን ኬሞቴራፒ አርግፎታል። ኬቲ ሹማከር-ኮሊ ትባላለች፤ የቡድኑ ዋና አሰልጣኝ ናት። ከሦስት ወር ገደማ በፊት፣ የውድድር ዘመኑ ገና በተጀመረበት ሰሞን፣ የጡት ካንሰር እንዳለባት ተነግሯታል። ደረጃው ሁለት ነበር።

ዕለቱ ዲሴምበር 19 ቀን 2024፣ ቦታው ሉዊቪል፣ ኬንታኪ። የአሜሪካ ኮሌጆች የሴቶች መረብ ኳስ ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ የፈረንጆቹ ናቸው።) ፔን ስቴት ያንን አራተኛ ዙር 28 ለ 26 ነጠቀ። አምስተኛውን 15 ለ 13 ጨረሰ። ከሦስት ቀን በኋላ የሉዊቪል ዩኒቨርሲቲን በገዛ ከተማው፣ ከ21 ሺህ በላይ ሰው እያየ፣ 3 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ።

በነገራችን ላይ "ዙር" የምለው የመረብ ኳስ ሰው "ሴት" የሚለውን ነው። አንድ ዙር 25 ነጥብ ነው፣ አምስተኛው 15፣ በሁለት ነጥብ ልዩነት፤ ሦስት ዙር የወሰደ ያሸንፋል። ስለ ሴቶች ስፖርት እየጻፍኩ "ሦስተኛዋን ሴት አሸነፉ" ብል ማን ሊረዳኝ ነው?

በማግስቱ ወሬው ሁሉ ስለ ካንሰሩ ሆነ። አይፈረድም። ግን ከዚያ ሥር ሌላ ነገር ነበረ፤ ለእኔ ከዋንጫው ይልቅ የገረመኝ እሱ ነው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ የሴቶች መረብ ኳስ ሻምፒዮና ማካሄድ የጀመረው በ1981 ነው። ከዚያ እስከ 2023 ድረስ በከፍተኛው ዲቪዚዮን 43 ዋንጫ ተሰጥቷል። አርባ ሦስቱንም ያነሱት ወንድ አሰልጣኞች ናቸው። አንድም ሴት የለችም። ሜዳ ላይ ያሉት ሁሉ ሴቶች በሆኑበት ስፖርት!

ምን ሆኖ ነው? "ሴቶች ስላልቻሉ" የሚል ሰው ካለ ትንሽ ይታገሠን። "ወንዶቹ ስለነጠቋቸው" የሚለውም ይታገሥ። ነገሩ ያለው ወንበሩ ላይ ነው። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ያላቸው ወንበር ጥቂት ነው፤ አንዴ የተቀመጠበት ሰው ደግሞ ቶሎ አይነሳም።

የፔን ስቴትን ወንበር እንይ። ረስ ሮዝ የተቀመጠበት በ1979 ነው። የተነሳው በ2021 ማብቂያ። አርባ ሦስት የውድድር ዘመን! 1,330 ጨዋታ አሸንፏል፤ የተሸነፈው 229 ብቻ። ሰባት ዋንጫ አለው፤ ከእነሱ አራቱ ከ2007 እስከ 2010 ተከታትለው የመጡ ናቸው። በእነዚያ ዓመታት ቡድኑ 109 ጨዋታ በተከታታይ ሳይሸነፍ ሄዷል። 109! አንዲት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሦስት ዓመት ስትጫወት ሽንፈት ምን እንደሚመስል ሳታውቅ ትኖራለች ማለት ነው።

ቁጥሩን እንዲህ ሲደረድሩት ሰውየው ከእናቱ ማኅፀን አሸናፊ ሆኖ የወጣ ይመስላል። አይደለም። ሮዝ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያገኘው በ1999 ነው። ሃያ ዓመት ጠብቋል። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ፍጻሜ ደርሶ ሦስቱንም ተሸንፏል፤ በ1993፣ በ1997 እና በ1998። ማንም "በቃህ" አላለውም። የነብራስካው ቴሪ ፔቲትም እንዲሁ ነው። በ1977 ጀምሮ ዋንጫ ያየው በ1995። የሃዋዩ ዴቭ ሾጂ ከ1975 እስከ 2017 አሰልጥኖ ከ1,200 በላይ ጨዋታ አሸንፏል። እነዚህ ሰዎች ጎበዝ ናቸው፤ እሱን የሚክድ የለም። ግን ጎበዝ የሆኑት ለመጎበዝ ጊዜ ስለተሰጣቸውም ነው።

እዚህ ላይ ሕጉን ማንሳት ግድ ይላል። በ1972 አሜሪካ "ታይትል ናይን" የሚባለውን ሕግ አወጣች። የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በፆታ ማዳላት አይችልም የሚል ነው። በዚህ ሕግ ምክንያት የሴቶች ስፖርት በጀት አገኘ፣ ስኮላርሺፕ አገኘ፣ አዳራሽ አገኘ። ከሕጉ በፊት የሴቶች ቡድን ማሠልጠን ጽድቅ ነበር ማለት ይቻላል። ደሞዙ የለም፣ ወይ ለስሙ ነው። ብዙ ጊዜ የስፖርት አስተማሪዋ በተጓዳኝ የምትይዘው ሥራ ነው። ያኔ ከመቶ ከዘጠና የሚበልጡት የሴት ቡድን አሰልጣኞች ሴቶች ነበሩ።

ገንዘቡ ሲመጣ ወንዶቹም መጡ። ዛሬ የኮሌጅ ሴቶች ቡድን ከሚመሩት ውስጥ ሴቶቹ ከግማሽ በታች ናቸው። ሕጉ ተጫዋቾቹን ጠቀመ፤ አሰልጣኞቹን ግን ገፋ። ያወጡት ሰዎች ይህን አስበውበታል ብዬ አላምንም። ሥራው ደሞዝ ሲኖረው የሚቀጥሩት የስፖርት ዳይሬክተሮች በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ፤ የሚያውቁትን ሰው ቀጠሩ። አገር ቤትም የምናውቀው ነገር ነው። እንጀራ ጋጋሪዋ ሴት፣ የትልቁ ሆቴል ሼፍ ወንድ።

ሴት አሰልጣኝ ጨርሶ አልነበረችም ማለቴ ግን አይደለም። ሜሪ ዋይዝን ማለፍ ነውር ነው። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲን ከ1991 እስከ 2024 የውድድር ዘመን ድረስ መርታለች። ከአንድ ሺህ በላይ ጨዋታ አሸንፋለች። በ2003 ፍጻሜ ደርሳ በደቡብ ካሊፎርኒያ (ዩኤስሲ) ተሸነፈች። በ2017 ደግማ ደረሰች፤ ነብራስካ አሸነፋት። ሁለት ፍጻሜ፣ ሁለት ሽንፈት። ረስ ሮዝም ሦስት ፍጻሜ ተሸንፎ ነበር፤ አራተኛው መጣለት። ለእሷ ሦስተኛው አልመጣም። እና ለብዙ ዓመታት "ሴት አሰልጣኝ ዋንጫ ትበላ ይሆን?" የሚለው ጥያቄ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ቆየ። አርባ ወንድ በየዓመቱ ዕጣውን ሲሞክር እሷ ሁለት ጊዜ ስለተሸነፈች "አይሳካላቸውም" ተባለ። ይሄ ሒሳብ አይደለም፤ ሐሜት ነው።

አሁን ሰው እንዴት ዋና አሰልጣኝ እንደሚሆን እንይ። ከውጭ ሲያዩት ፉጨትና ጩኸት ይመስላል። ብዙዎቻችን መረብ ኳስ ስንል ትዝ የሚለን የትምህርት ቤት ግቢ ነው። በሁለት እንጨት መሀል የተወጠረ መረብ፣ አቧራ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ የስፖርት አስተማሪ። ኳሷን በቡጢ የሚመታ አንድ ጉልበተኛ ተማሪም አይጠፋም። የአሜሪካው ኮሌጅ ሌላ ዓለም ነው።

በጨዋታው ሰዓት አሰልጣኟ እጅ ላይ ያለው ሥልጣን ትንሽ ነው። በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ እረፍት መጠየቅ ትችላለች። እስከ 15 ጊዜ ተጫዋች መቀየር ትችላለች። ዳኛው ተሳስቷል ብላ ቪዲዮ ይታይልኝ ማለት ትችላለች። ሌላው ከእጇ ወጥቷል። አንድ ነጥብ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል፤ ኳሷ አየር ላይ እያለች የሚመከር ምክር የለም። ስለዚህ ሥራው የሚሠራው ከጨዋታው በፊት ነው። ከወራት በፊት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በፊት።

ትልቁ ሥራ ተጫዋች ፍለጋ ነው። አሰልጣኞች ብዙ ቅዳሜና እሁድ የሚያሳልፉት በክለብ ውድድሮች ላይ ነው። የስብሰባ ማዕከል የሚያክል አዳራሽ ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ መረቦች ተዘርግተው፣ በሁሉም ላይ በአንድ ጊዜ ጨዋታ ይካሄዳል። ሃያ ፊሽካ በአንድ ጊዜ ይነፋል። አሰልጣኞቹ የዩኒቨርሲቲያቸውን ሹራብ ለብሰው፣ ታጣፊ ወንበር ይዘው፣ የ15 ዓመት ልጆችን ያያሉ። የሚያዩት ቁመትና ዝላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ልጅቱ ኳስ ስታበላሽ ጓደኞቿን እንዴት እንደምታይ ያያሉ። ስትቀየር ወንበር ላይ እንዴት እንደምትቀመጥ ያያሉ። ከእናቷ ጋር እንዴት እንደምታወራ ሳይቀር የሚያይ አለ።

መንገዱም ረጅም ነው። መጀመሪያ ተጫዋች። ከዚያ ረዳት፣ አንዳንዴ ያለ ደሞዝ ወይም በኪስ ገንዘብ። ከዚያ ምክትል አሰልጣኝ። ከዚያ ማንም የማያውቀው ትንሽ ኮሌጅ ዋና አሰልጣኝ። ከዚያ፣ ዕድል ከቀናት፣ ስልክ ይደወላል። ለሴቶቹ መንገዱ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ምክትልነቱ ላይ ነው። ትልልቅ ወንዶች ሥር ሃያ ዓመት ምክትል ሆነው የሠሩ ሴቶች ሞልተዋል። ልጆቹን የሚያጽናኑት፣ ከወላጅ ጋር የሚያወሩት፣ ምልመላውን የሚይዙት እነሱ ናቸው።

የኬቲ መንገድ ደስ የሚለው ግራ የሚያጋባ መጠምዘዣ ስላለው ነው። ልጅነቷ ቺካጎ ነው። ፔን ስቴት የገባችው ለመጫወት ነው፤ ሮዝ የመጀመሪያውን ዋንጫ ባነሳበት በ1999 ቡድኑ ውስጥ ነበረች። ከዚያ ወደ ቺካጎ ተመለሰች። ከ2009 ጀምሮ ስምንት የውድድር ዘመን የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ቺካጎ ዋና አሰልጣኝ ሆና ሠራች። ታዋቂ ቡድን አይደለም። ቴሌቪዥን ካሜራውን የሚያዞርበት አይደለም። በ2017 ፊላዴልፊያ ወደሚገኘው ፔን ዩኒቨርሲቲ ሄደች። (ፔን እና ፔን ስቴት ሁለት የተለያዩ ናቸው። ፔን የአይቪ ሊግ (የስመ ጥር የግል ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር) አባል ነው፤ በስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም።) አንድ ዓመት ብቻ ቆየች።

በ2018 ሮዝ ጋ ተመለሰች፤ ምክትል ሆና። ልብ በሉ። ዘጠኝ ዓመት ዋና አሰልጣኝ የነበረች ሴት ወርዳ ምክትል ሆነች። ቢሮ ውስጥ ብናስበው፣ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ የነበረ ሰው ዋናው መሥሪያ ቤት ገብቶ ረዳት እንደመሆን ነው። ዘመድ አዝማድ "ምን ነካህ?" ይለዋል።

ግን ይህን ዘዴ ከእሷ በፊት የተጠቀመ ሰው አለ። የነብራስካው ጆን ኩክ። ኩክ ከ1992 እስከ 1998 የዊስኮንሲን ዋና አሰልጣኝ ነበር። በ1999 ትቶ ነብራስካ ቴሪ ፔቲት ሥር ምክትል ሆነ። በዓመቱ ፔቲት ጡረታ ወጣ፣ ወንበሩ ለኩክ ተላለፈ። በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ2000፣ ቡድኑ 34 ጨዋታ አድርጎ 34ቱንም አሸነፈ። ፍጻሜው ላይ የገጠመው ማን ነበር? ዊስኮንሲን። ለዓመታት ያሠለጠነውን ቡድን አሸንፎ ዋንጫ በላ። ሕይወት አንዳንዴ ድርሰት ትሆናለች።

ከዚህ የምረዳው፣ ትልልቆቹ ወንበሮች በማስታወቂያ የሚሞሉ አይደሉም። ይወረሳሉ። የሚወርሰው ደግሞ ቤቱ ውስጥ ያለ፣ ወይም ቤቱ ያሳደገው ሰው ነው። ረስ ሮዝ ራሱ ማስተርሱን የሠራው ነብራስካ ነው፤ ከፔቲት ጋር። አገሩ ሰፊ ነው፤ የመረብ ኳሱ ቤተ ዘመድ ግን ጠባብ ነው። ወንዶች ለወንዶች ሲያወርሱ አርባ ዓመት አለፈ። ሰንሰለቱን የሰበረው አዲስ ሕግ አልነበረም። ሁለት ሽማግሌዎች ለጡረታ ሲዘጋጁ ውርሱ ለሴት መድረሱ ነው። ሮዝ በ2021 ማብቂያ ሲያቆም፣ በጃንዋሪ 2022 ዩኒቨርሲቲው ወንበሩን ለኬቲ ሰጠ።

ሁለተኛዋ ዳኒ ቡስቡም ኬሊ ናት። በዚያ የ2024 ፍጻሜ ላይ የሉዊቪል አሰልጣኝ የነበረችው እሷ ናት። ስለዚህ ከመጀመሪያው ኳስ በፊት ነገሩ ተወስኗል፤ ማንም ያሸንፍ ማን፣ ዋንጫውን የምታነሳው ሴት ናት። ዳኒ የነብራስካ ገበሬ አገር ልጅ ናት። ለነብራስካ የተጫወተችው በጆን ኩክ ሥር ነው፤ መጀመሪያ ለመቺዎቹ ኳስ አመቻች፣ በኋላ ሊቤሮ (የኋላ መስመር ተከላካይ)። በ2006 ዋንጫ በላች። በ2015 ደግሞ ምክትሉ ሆና ሌላ ዋንጫ። በ2017 ሉዊቪልን ተረከበች። ሉዊቪል ያኔ መካከለኛ ቡድን ነበር ቢባል ስድብ አይሆንም። በ2021 አንድ ጨዋታ ሳይሸነፍ ግማሽ ፍጻሜ አደረሰችው። በ2022 ፍጻሜ ገብታ በቴክሳስ ተሸነፈች። በ2024 ደገመች።

ከፍጻሜው አንድ ወር አለፍ ብሎ፣ በጃንዋሪ 2025 መጨረሻ፣ ኩክ ከ25 የውድድር ዘመንና ከአራት ዋንጫ በኋላ ጡረታ ወጣሁ አለ። በዚያው ሰሞን ነብራስካ ወራሹን አስታወቀ፤ ዳኒ ናት። እሷ እንደ ኬቲ መውረድ አላስፈለጋትም። ሉዊቪል ላይ ራሷን አስመስክራለች። በእኔ ግምት እውነተኛው ለውጥ ይሄ ነው፤ ከዋንጫውም በላይ። በአገሪቱ ትልቁ የመረብ ኳስ ወንበር ሲለቀቅ መጀመሪያ የተጠራው የሴት ስም ነበር፤ ማንም አልደነቀውም።

ትልቁ ወንበር ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። ነብራስካ ከ2001 ጀምሮ በሜዳው ያደረገው ጨዋታ ሁሉ ትኬቱ አልቆ ነው የሚጀመረው። በኦገስት 30 ቀን 2023 መረቡን አውጥተው የአሜሪካ እግር ኳስ የሚጫወቱበት ስታዲየም መሀል ተከሉት። 92,003 ሰው መጣ። ለመረብ ኳስ! ለሴቶች ስፖርት ዝግጅት በዓለም ትልቁ ቁጥር ነው ተብሎ ተነግሯል።

እና አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ወንበሩ ለሴቶቹ ደረሰ። ግን የደረሳቸው ወንበር ሮዝ የተቀመጠበት ወንበር አይደለም።

ሮዝ ልጆቹን በ18 ዓመታቸው ይቀበልና አራት ዓመት ያሳድጋቸው ነበር። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ታያለች፣ ትማራለች፣ በሦስተኛው ዓመቷ ቡድኑን ትሸከማለች። ቡድን እንደ ጠላ ነበር፤ ጊዜ ይፈልጋል። አሁን ተጫዋች በየዓመቱ ትምህርት ቤት መቀየር ትችላለች። በ2021 አንድ ጊዜ ያለ ቅጣት መዛወር ለሁሉም ስፖርት ተፈቀደ። በ2024 ገደቡ ተነሳ፤ ትምህርቷ እስካልወደቀ ድረስ የፈለገችውን ያህል ትቀይራለች። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ደግሞ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ መሥራት ይችላሉ።

የኬቲን የዋንጫ ቡድን ራሱን ተመልከቱት። ፍጻሜው ላይ 29 ጊዜ መትታ ነጥብ ያስቆጠረችው ጄስ ምሩዚክ ከሚሺጋን ተዛውራ የመጣች ናት። ካምሪን ሃና ከክሌምሰን። ኬቲ ዋንጫውን የበላችው አዲሱን ጨዋታ ስለገባት ነው። ግን በዚያው በር የገባ ሰው በዚያው በር ይወጣል። አሰልጣኝ ዲሴምበር ላይ ውድድሩ ሲያልቅ የሚያርፍበት ጊዜ ነበረው። ዛሬ ዲሴምበር ማለት የራስህን ተጫዋቾች ደግመህ የምትመለምልበት ወር ነው። "ትቆያለሽ ወይ?" ብለህ።

ከዚያ ገንዘቡ። በጁን 2025 አንዲት የፌዴራል ዳኛ ያጸደቁት ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ፈቀደ። የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ይህ ለሁሉም ስፖርት ነው። የአሜሪካ እግር ኳስና የወንዶች ቅርጫት ኳስ መጀመሪያ ቆርሰው ሲያነሱ ለመረብ ኳስ የሚተርፈው ፍርፋሪ እንደየቤቱ ይለያያል። ስለዚህ ዋና አሰልጣኟ አሁን የበጀት ሰው ናት። ለዳይሬክተሩ "ስጠኝ" ብላ ትከራከራለች። ያገኘችውን ለ18 ልጆች ታካፍላለች። ከዚያ እነዚያው ልጆች አንድ መረብ ሥር እንዲዋደዱ ትፈልጋለች። ቤተሰብ ውስጥ ርስት ያከፋፈለ ሰው የዚህን ጣጣ ያውቀዋል።

አሥራ ስምንት ያልኩት እንዲሁ አይደለም። ቀድሞ አንድ ቡድን መስጠት የሚችለው ሙሉ ስኮላርሺፕ 12 ነበር። በአዲሱ ስምምነት ለገባ ትምህርት ቤት ያ ገደብ ተነስቷል፤ በምትኩ የቡድኑ ብዛት ከ18 አይበልጥም፤ ለ18ቱም መስጠት ይቻላል። ሜሪላንድም ይሁን ሚኒሶታ ቁመቷ ዘለግ ያለ ልጅ ያላችሁ ወገኖች፣ ይህን ልብ በሉ። በቁጥር በሩ ሰፍቷል። ግን የ18 ዓመቷ ልጃችሁ የምትፎካከረው ከእኩዮቿ ጋር ብቻ አይደለም። ሌላ ኮሌጅ ሦስት ዓመት ተጫውታ ከምትዛወር የ21 ዓመት ሴትም ጋር ነው። አሰልጣኝ ደግሞ በጊዜ እጥረት ያለቀለትን ዕቃ ይመርጣል።

ጊዜ ካልኩ፣ ወደ ሃያው ዓመት ልመለስ። ረስ ሮዝ ለመጀመሪያው ዋንጫ ሃያ ዓመት ተሰጥቶታል። ኬቲ በሦስተኛ ዓመቷ አገኘችው፤ ጎሽ። ባታገኘውስ ኖሮ? ዛሬ የትልቅ ዩኒቨርሲቲ ዳይሬክተር አሰልጣኝን ሃያ ዓመት ይታገሣል? አሥርስ? ወንድም ሆነ ሴት አይመስለኝም። ወንዶቹ ትዕግሥት በነበረበት ዘመን ወንበሩን ያዙ። ሴቶቹ ትዕግሥት ባለቀበት ዘመን ደረሱ።

በ2025 የሆነውን ተመልከቱ። ዳኒ በመጀመሪያ የነብራስካ ዓመቷ 33 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈች። ከዚያ ዲሴምበር ላይ፣ ግማሽ ፍጻሜ ሊገቡ አንድ ጨዋታ ሲቀራቸው፣ በገዛ ሜዳዋ በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም 3 ለ 2 ተሸነፈች። 33 ድል፣ አንድ ሽንፈት። የ2000ውን የኩክን 34 ለባዶ የሚያስታውስ ደጋፊ የትኛውን ቁጥር እንደሚያነሳ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ዋንጫውን ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ኬንታኪን 3 ለ 0 አሸንፎ ወሰደው። ሁለቱንም የፍጻሜ ቡድኖች የሚያሠለጥኑት ወንዶች ነበሩ። ይህን የምለው ለማሽሟጠጥ አይደለም፤ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤሙ ጄሚ ሞሪሰን ያደረገው ትልቅ ሥራ ነው። 2024 በሩን ከፈተው እንጂ ቤቱን አልገለበጠውም ለማለት ነው።

ስለ ሕመሙ አንድ ነገር ልጨምር። በጁላይ 2025 ኬቲ በትልቁ የስፖርት ሽልማት ምሽት፣ ኢስፒስ ላይ፣ ለጽናት የሚሰጠውን የጂሚ ቪ ሽልማት ተቀበለች። ይገባታል። ግን ኬሞቴራፒ እየወሰደች ቡድን መምራቷን እንደ ተረት ጀግና ታሪክ ብቻ ሲያወሩት ይከብደኛል። በዚያ ሥራ ላይ የታመመ ሰው አልጋው ላይ ሆኖ የሚጠብቀው ነገር ብዙ ነው። ተጫዋቾቹ ገና ወጣት ልጆች ናቸው፤ ፊቷን ያያሉ። ሌላ ቡድን የሚመለምላት ልጅ እናት "ይቺ አሰልጣኝ ትቆያለች?" ብላ ትጠይቃለች። ምክትሎቿ ልምምዱን፣ ጉዞውን፣ ስልኩን ተከፋፍለው ባይሸከሙ ዋንጫው አይኖርም ነበር። የእነሱን ስም የያዘ ዋንጫ የለም። ከእነሱ አንዷ ነገ ዋና አሰልጣኝ ትሆን ይሆናል። ወይ ደግሞ ሃያ ዓመት ምክትል ሆና ትቀራለች።

የአሰልጣኞቹን ዓመት ማወቅ የሚፈልግ ሰው የዋንጫውን ምሽት ሳይሆን ጁን 15ን ይይ። በሕጉ መሠረት አሰልጣኝ ከአንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ጋር በቀጥታ ማውራት የሚፈቀድለት ልጅቱ አሥረኛ ክፍል ከጨረሰች በኋላ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን በመላ አገሪቱ መልእክት መዝነብ ይጀምራል። ዋንጫ የበላችውም፣ የተሸነፈችውም፣ ትናንት የተቀጠረውም ስልካቸውን ይዘው ሰዓቱን ይጠብቃሉ። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጅ ደግሞ አልጋዋ ላይ ሆና፣ መብራት አጥፍታ፣ ስክሪኑ እስኪበራ ታያለች።